ቀኝ ጉልበቷ ለተቀየረ፣ ግራ ዳሌዋን ለሚያማት እናት፦ አንድ ከዘራ ወይስ ሁለት የመራመጃ ዘንግ?

የገርጂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ58፣ ክብደቷ 74 ኪሎ። ቀኝ ጉልበቷ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተቀየረ 9 ሳምንት ሆኖታል። ቁስሉ ደርቋል፤ ሐኪሙም ሙሉ ክብደቷን እንድትጥልበት ፈቅዷል። ግራ ዳሌዋ ላይ ደግሞ የቆየ አርትራይተስ አለ፤ ለሱ ገና ቀዶ ሕክምና አልተባለም። ዎከሩን ትታ አሁን በአንድ ከዘራ ነው የምትሄደው። ከዘራውን በግራ እጇ ስትይዝ ዳሌዋን ያማታል፣ በቀኝ ስታዞረው ጉልበቷ ይከዳታል። ቀኑን ሙሉ ስታቀያይር ትውላለች።

ወንድሜ ከጀርመን ጥንድ የመራመጃ ዘንግ ልኳል፣ ትሬኪንግ ፖል የሚሉትን። ሦስት ክፍል ሆኖ የሚረዝም የሚያጥር ነው፤ የሚቆለፈው በመጠምዘዝ ነው። ጫፉ ሹል ብረት ሆኖ ቡት ጫማ የመሰለ ጎማ ይገባበታል፣ እጀታው ላይም ማሰሪያ አለው። ሁለቱን ብትይዝ ከከዘራው ይሻላታል? ቁመቱ ስንት ላይ ይሁን? ቤታችን ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ደጃፋችን ኮብልስቶን፣ መኝታ ቤቷ ፎቅ ላይ ነው፤ 14 ደረጃ አለው፣ የእጅ መደገፊያውም በአንድ በኩል ብቻ። "ፊዚዮቴራፒስት አማክሪ" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፤ ቀጠሮው 3 ሳምንት ይቀረዋል።


ፊዚዮ ከጉለሌ

ለእናትሽ ሁለት ዘንግ ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱንም ራስሽ ጽፈሽዋል። አንድ ከዘራ የሚያዘው ከታመመው ጎን በተቃራኒ እጅ ነው። የቀኝ ጉልበት ግራ እጅን ይፈልጋል፣ የግራ ዳሌ ቀኝ እጅን። አንዱን ሲደግፉ ሌላው ባዶውን ይቀራል፣ ማቀያየሩም የመጣው ከዚያ ነው።

ለምን በተቃራኒ እጅ እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "የሚያመኝ በዚህ በኩል ነው" ብሎ እዚያው ጎን ላይ ይደገፋል። እናትሽ በግራ እግራቸው ብቻ የሚቆሙባት ቅጽበት በየእርምጃው ውስጥ አለች። በዚያች ቅጽበት የቆሙበት እግር ሲቀነስ 62 ኪሎ ገደማ የሚሆነው ሰውነታቸው ከግራው የዳሌ መገጣጠሚያ ወደ ቀኝ 10 ሴንቲ ያህል ርቆ ወደ ታች ይጎትታል። ዳሌው ወደ ቀኝ እንዳይወድቅ የሚይዘው በግራ ጎን ውጭ በኩል ያለው ጡንቻ ነው። እሱ ግን ከመገጣጠሚያው የሚርቀው 5 ሴንቲ ገደማ ስለሆነ እጥፍ መጎተት ይኖርበታል፣ ማለትም 124 ኪሎ። መገጣጠሚያው የሁለቱን ድምር ይሸከማል፣ 186 ኪሎ። አሁን በቀኝ እጃቸው በያዙት ዘንግ 6 ኪሎ ብቻ ወደ ታች ይጫኑ። ዘንጉ ከግራ ዳሌያቸው ግማሽ ሜትር ያህል ይርቃልና የጡንቻው ሥራ ከ124 ወደ 64 ይወርዳል፤ መገጣጠሚያው የሚሸከመውም 120 አካባቢ ይሆናል። ርቀቶቹ ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያሉ፣ ሒሳቡ ግን ያው ነው፦ 6 ኪሎ በእጅ፣ 66 ኪሎ ከዳሌ ላይ። ዘንጉ በግራ እጅ ከሆነ ግን ግፊቱ ዳሌውን ይበልጥ ወደ ቀኝ ያዘነብለዋል፤ ሰውየውም ለማካካስ ግንዱን ዘንጉ ላይ ይጥላል። ያ ነው ከሩቅ የሚታየው ማነከስ።

6 ኪሎ ምን ያህል እንደሆነ እጃቸው እንዲያውቀው የሰውነት ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጪ፣ ጎማ ያለውን የዘንግ ጫፍ መሐሉ ላይ አሳርፉና ቁጥሩ 6 እስኪደርስ ይጫኑ። ለሁለቱም እጅ አሥር አሥር ጊዜ። ብዙ ሰው መጀመሪያ 2 ኪሎ ወይም 15 ነው የሚጫነው።

ጉልበት ላይ ይህን ያህል ለውጥ አትጠብቂ። ሜዳ ላይ ዘንግ ለጉልበት የሚሰጠው በዋናነት ሚዛንን ነው፣ ቀጥሎም ሳይፈሩ ተረከዝ አስቀድሞ መርገጥን። ቁልቁለት ላይ ግን ይለያል፦ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በ25 ዲግሪ ቁልቁለት ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በሁለት ዘንግ ከ12 እስከ 25 በመቶ ሲቀንስ ለክቷል።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ፈትሺ። መቀመጫው 45 ሴንቲ ገደማ ከፍ ያለ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ከፊቱ 3 ሜትር ላይ መሬት ላይ ምልክት። ከዘራውን ይዘው ከወንበሩ ይነሱ፣ እስከ ምልክቱ ይሂዱ፣ ዞረው ይመለሱ፣ ይቀመጡ። በስልክሽ ያዢው። ከ12 ሰከንድ በላይ ከሆነ የመውደቅ ስጋት አለ። ይህ ዘንግ ይከለከላሉ ማለት አይደለም፤ ብቻቸውን አይሄዱም ማለት ነው። ወገባቸው ላይ መቀነት ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ፣ ከኋላቸው ትንሽ ወደ ቀኝ ሆነሽ ተከተዪ፣ አንድ እጅሽ መቀነቱ ላይ ይሁን። ክንዳቸውን አትያዢ፤ ክንድ ከተያዘ ዘንጉ መሥራት አይችልም።

ቁመቱን 105 ሴንቲ ላይ ጀምሩ። ማረጋገጫው ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ቆመው፣ ጫፉን ከትንሿ ጣት አጠገብ አሳርፈው እጀታውን ሲይዙ ክርናቸው 90 ዲግሪ መታጠፉ ነው። ትከሻቸው ወደ ጆሮ ከተነሣ ረዝሟል፣ 2 ሴንቲ አሳጥሪ። ወገባቸው ከጎበጠ አጥሯል። የከዘራ ልክ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ከዘራ የሚለካው እጅ ወደ ታች ተንጠልጥሎ እስከ እጅ አንጓ ነው፣ ለእሳቸው 78 ሴንቲ አካባቢ።

አረማመዱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት አራት ቆጠራ፦ ግራ ዘንግ፣ ቀኝ እግር፣ ቀኝ ዘንግ፣ ግራ እግር። ሁልጊዜ ሦስት ነገር መሬት ላይ አለ፣ ይዘገያል፣ ግን አይጥልም። ኮሪደር ውስጥ ሳይቆሙ 10 ሜትር ሲሄዱ ወደ ሁለት ቆጠራ ይሸጋገራሉ፦ ግራ ዘንግና ቀኝ እግር አብረው፣ ከዚያ ቀኝ ዘንግና ግራ እግር አብረው። የዘንጉ ጫፍ ከሚረግጠው እግር ጋር እኩል መስመር ላይ ይረፍ፣ ከፊቱ አይራቅ። አርቀው ከተከሉት ዘንጉ ፍሬን ይሆናል፣ የእጅ አንጓም ያማል። ግፊቱ የሚመጣው እግሩ መሬት በሚነካበት ቅጽበት ነው። ከዘገየ ዳሌው ክብደቱን ቀድሞ ተሸክሞታልና ዘንጉ ጌጥ ነው።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ስለ እጃቸው ማሰብ ሲጀምሩ ቀኝ እጅና ቀኝ እግር አብረው ይወጣሉ፣ እንደ ግመል። ያኔ አታርሚያቸው፣ ይቁሙ። ሁለቱን ዘንግ መሐሉ ላይ አንጠልጥለው፣ እጃቸውን እንደ ልማዳቸው እያወዛወዙ 20 እርምጃ ይሂዱ። እጅ ራሱ መንገዱን ያገኛል። ከዚያ ጫፎቹን መሬት ላይ እየጎተቱ 20 እርምጃ፣ ከዚያ መትከል።

መጠኑ፦ በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ። በየሁለት ቀኑ 1 ደቂቃ ጨምሩ። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ጠይቂያቸው፤ ከጉዞው በፊት ከነበረው ከ2 በላይ ካልጨመረና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልክ ነው። ጉልበቱንም በልብስ ሰፊ ሜትር በሎሚው መሐል ዙሪያውን ጠዋትና ማታ ለኪ። ማታ ከጠዋቱ ከ1 ሴንቲ በላይ ካበጠ በማግስቱ ደቂቃውን በግማሽ ቀንሺ።

እነዚህን ካየሽ ዘንጉን ተዉትና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ፦ አንዱ ባት ብቻ ማበጥ፣ መሞቅና ማመም፤ ትኩሳት ወይም ከቁስሉ ፈሳሽ፤ ትናንት የቆሙበት እግር ዛሬ ክብደት አልችልም ማለቱ። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ካለ ግን ቀን አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ የደም መርጋት ስጋት እስከ 3 ወር ይቆያል።


የተራራ ዱላ

አረማመዱን ፊዚዮው ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ዕቃው።

በመጀመሪያ ያ ቡት መሰል ጎማ። እሱ የተሠራው ዘንጉን ወደ ኋላ አዘንብሎ ለሚገፋ ፈጣን ተራማጅ ነው። ዘንግ ቀጥ ብሎ ሲቆም የጎማው አንድ ጠርዝ ብቻ ነው መሬት የሚነካው። በዚያ ላይ እየተጠቀሙበት ይዞራል፤ የቡቱ አፍንጫ ወደ ኋላ ማየት ሲገባው ወደ ፊት ከዞረ ያደናቅፋል። ለእናትሽ ታቹ ሰፋ ያለ ክብ ጎማ ነው የሚያስፈልገው። የከዘራ ጎማ ገዝተሽ ላስገባ እንዳትይ፤ የከዘራ ጎማ የውስጥ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 22 ሚሊ ነው፣ የትሬኪንግ ፖል ጫፍ ግን 11 ወይም 12 ሚሊ ገደማ። በፕላስተር ጠቅልሎ ማጥበቅ የሚባለው ዘዴ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ይወልቃል፣ የሚወልቀውም ሲጫኑት ነው። ወንድምሽ ለትሬኪንግ ፖል የሚሆን ክብ ጎማ ሁለት ጥንድ ይላክ፣ ቀላል ነው፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል። እስኪደርስ ቡቱን አፍንጫውን ወደ ኋላ አዙረሽ ቤት ውስጥ ብቻ።

ሹሉ ብረት ለጭቃና ለአፈር ብቻ ነው። ሴራሚክ ላይ እንደ በረዶ ይንሸራተታል፤ አስፋልት ላይ ደግሞ እየተንቀጠቀጠ ክርን ያደክማል።

መጠምዘዣ መቆለፊያ ትልቁ ጉዳይ ነው። ውስጡ ሲጠመዘዝ የሚሰፋ የፕላስቲክ ቁራጭ አለ፣ የሚይዘውም በሰበቃ ብቻ ነው። አቧራ፣ ውሃ ወይም ዘይት ከገባ ጠብቆ የያዘ መስሎ ሲጫኑት ሰርጎ ይገባል። ስለዚህ በየጠዋቱ ይፈተሽ፦ ጎማውን መሬት አስነክተሽ መዳፍሽን እጀታው አናት ላይ አድርገሽ ቀስ በቀስ ግማሽ ክብደትሽን ጣይበት። አንድ ሚሊ እንኳ ከወረደ አይያዝም። ከወረደ ክፍሎቹን ንቀይ፣ ፕላስቲኩንና የቱቦውን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ ፕላስቲኩን በጣትሽ ትንሽ ከፈት አድርገሽ መልሺና አጥብቂ። ዘይት ፈጽሞ አይቀባም። ለቀጣዩ ግዢ ከጎኑ ምላስ ያለው፣ ተጫን ብሎ የሚዘጋ መቆለፊያ ያለውን ምረጡ፤ ሲላላ ትንሿን ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ማጥበቅ ይበቃዋል፣ ለአረጋዊ ጣትም ይቀላል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ሁለቱን የታች ክፍሎች እኩል አውጪያቸው። አንዱን እስከ መጨረሻ አውጥቶ ሌላውን ውስጥ መተው መሐል ላይ ያዳክመዋል። ማቆሚያ መስመሩን ማለፍማ አይታሰብም። ውስጡ ስፕሪንግ ካለውና ማጥፊያ ካለው አጥፊው፤ የሚሰምጥ ዘንግ ላይ 6 ኪሎውን መመጠን አይቻልም። ታች ያለውን ሰፊ ክብ ፕላስቲክም ለከተማ አውጪው፣ ቀሚስ ይይዛል።


ከማይን ዳር

እዚህ ጀርመን ኖርዲክ ዎኪንግ የሚባለው፣ በሁለት ዘንግ የመራመድ ስፖርት በጣም የተለመደ ነው። ከፊንላንድ የመጣ ነው፣ ስሙም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው የተስፋፋው። የጤና መድኖች እውቅና ላለው ኮርስ ከክፍያው የተወሰነውን ይመልሳሉ። ወንድምሽ የላከው ጎማ ከዚያ ዓለም የመጣ ነው፤ ለዚያ አረማመድ ቁመቱ የሚሰላው ቁመት በ0.68 ተባዝቶ ነው፣ ለእናትሽ 107 ይመጣል። ሻጭ ይህን ከነገራችሁ አልተሳሳተም፣ ግን ዓላማው ሌላ ነው፦ ዘንጉን ወደ ኋላ ገፍቶ ፍጥነትና የልብ ምት መጨመር። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ ሰው የሚፈልገው ከጎኑ ቀጥ ብሎ የሚቆም ዘንግ ነው።

ማሰሪያው ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እጅ ከታች ወደ ላይ በማሰሪያው ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ ማሰሪያውንና እጀታውን አብሮ ሲጨብጥ ክብደቱ በአንጓ በኩል ማሰሪያው ላይ ያርፋል፤ ጣት ሳይጨብጥ 6 ኪሎውን መጫን ይቻላል። ጣታቸውን አርትራይተስ ለያዛቸው ሰዎች ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ከላይ ወደ ታች ከገባ ግን ማሰሪያው ምንም አይሠራም፣ ስታንጠለጥይው ብቻ ይታያል።


ፊዚዮ ከጉለሌ

@ከማይን ዳር ትክክል ነህ፣ ግን ለእናቷ ገና ነው። ሲወድቅ እጁ ማሰሪያ ውስጥ የቀረ ሰው ዘንጉን መጣል ስለማይችል አውራ ጣቱ እጀታው ላይ ተጠምዝዞ ሥሩ ያለው ጅማት ይበጠሳል። የበረዶ ሸርተቴ ሰዎች በዚህ ጉዳት ይታወቃሉ። ፈተናው ከ12 ሰከንድ በታች እስኪወርድ ማሰሪያው ይፈታ ወይም እጀታው ላይ በላስቲክ ይታሰር። ከዚያ በኋላም ሜዳ ላይ ብቻ፤ ደረጃ ላይና ኮብልስቶን ላይ አይደለም።


ሰንበት ተማሪ

አባቴ ዳሌው ተቀይሮ 5 ሳምንቱ ነው፣ ከኋላ በኩል ነው የተከፈተው። ለሱም ያው ነው?


ፊዚዮ ከጉለሌ

@ሰንበት ተማሪ ያው አይደለም። ከኋላ የተከፈተ ዳሌ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ ሦስት ነገር ይከለከላል፦ ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍ፣ እግር ማቆላለፍ፣ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ ማዞር። በመገጣጠሚያው ዓይነትና በአጥንቱ ሁኔታ ምክንያት ሐኪሙ ክብደት ከገደበ ደግሞ ዘንግ አይሆንም፤ ያን መጠን የሚሸከመው ክራንች ወይም ዎከር ነው።

ዘንግ ሲፈቀድ አደጋው መራመዱ ላይ አይደለም። ዘንጉ ወለሉ ላይ ሲወድቅና አባትህ ጎንበስ ብለው ሊያነሱት ሲሉ ነው። የወደቀ ዘንግ በሌላኛው ዘንግ ወደ ግድግዳ ይገፋል፣ የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛው ሲዞሩ ነው፦ በተቀየረው እግር ላይ ቆሞ መሽከርከር የለም፣ በትንንሽ እርምጃ ዙሪያውን ይሄዳሉ፣ ዘንጎቹም አብረው። ቡና ሲጠጡ ዱካ ላይ አይቀመጡ፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ የሚሆንበት መቀመጫ ሁሉ ከ90 ያልፋል። ዳሌው በድንገት ከባድ ሕመም አምጥቶ እግሩ አጥሮና ወደ ውስጥ ዞሮ ከታየ ወጥቷል ማለት ነው፤ አታቁሟቸው፣ አትጎትቱት፣ አምቡላንስ ጥሩ።


የገርጂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈተናውን ሦስት ጊዜ አደረግን፣ 16፣ 17 እና 16 ሰከንድ። ሚዛኑ ላይ በቀኝ እጇ 6 ኪሎ ወዲያው መጣላት፣ በግራ ግን ከ3 አያልፍም። አራት ቆጠራውን ኮሪደር ውስጥ ይዛዋለች። ክብ ጎማ ወንድሜ ይልካል።

የቀሩኝ ሦስት ናቸው። ደረጃው እንዴት ነው? "ደህናው እግር ቀድሞ ይውጣ" ይባላል፣ እሷ ግን ደህና እግር የላትም። እሁድ ቅዳሴ መሄድ ትፈልጋለች፤ መቋሚያ አላትና እሱን ብይዝስ ትላለች። ኮብልስቶኑስ?


ፊዚዮ ከጉለሌ

መጀመሪያ ግራ እጃቸው። 3 ኪሎ ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ድካም ሳይሆን ክርን ስለሚታጠፍ ነው። ከጎን ሆነሽ እዪ፤ ሲጫኑ ክርናቸው ከ90 ዲግሪ ወደ ላይ ከታጠፈ ኃይሉ እዚያ ይጠፋል። ክርናቸውን ከጎናቸው አስጠግተው፣ ትከሻቸውን ወደ ታች አውርደው ይሞክሩ። ካልሆነ ለግራው ዘንግ ብቻ 2 ሴንቲ ማሳጠር ይቻላል፣ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው የሚል ሕግ የለም።

ደረጃ። "ደህናው" የሚለው ቃል ነው ያሳሳተሽ። ሲወጡ ሰውነትን የሚያነሣው ላይኛው ደረጃ ላይ ቀድሞ የተቀመጠው እግር ነው። ሲወርዱ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ላይ የቀረው እግር ነው፣ እየታጠፈ ሰውነትን ቀስ ብሎ የሚያወርደው። በ9ኛው ሳምንት የአዲስ ጉልበት የፊት ጭን ጡንቻ ገና ደካማ ነው፣ ስለዚህ ሥራው ለግራ ይሰጥ። ሲወጡ ግራ ይቅደም፣ ቀኝ እግርና ዘንጉ ይከተሉ። ሲወርዱ ዘንጉና ቀኝ እግር ይቅደሙ፣ ግራ ይከተል። በየደረጃው ሁለቱ እግር ይገናኙ። አምስት ደረጃ ሞክረው የግራ ዳሌ ሕመም ከጉልበቱ ከበለጠ ገልብጡት፤ መለኪያው የትኛው ጎን ይበልጥ ያማል የሚለው ነው።

ደረጃ ላይ ሁለት ዘንግ የለም። አንድ እጅ መደገፊያው ላይ፣ በሌላኛው አንድ ዘንግ። መደገፊያው ሲወጡ በቀኝ ከሆነ ሲወርዱ በግራ ነው፣ ስለዚህ ዘንጉ እጅ ይቀይራል፤ ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ደረጃው አናት ላይ ቆሞ ማሰብ ጥሩ አይደለም። ሁለተኛውን ዘንግ አንቺ ያዢ። ከዘራውን ፎቅ ላይ አስቀምጡት፣ ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ አንድ ነገር አልጋቸው አጠገብ መኖር አለበት። የዘንጉ ጫፍ የደረጃው መሐል ላይ እንጂ ጠርዙ ላይ አይረፍ። አንቺ ሲወጡ ከበታቻቸው፣ ሲወርዱም ከበታቻቸው ሁኚ፣ መደገፊያው በሌለበት ጎን። ለጊዜው በቀን አንድ መውጣትና አንድ መውረድ ይበቃል።

መቋሚያ። ቆሞ ለመደገፍ የተሠራ ነገር ነው፣ ለዚያ ከዘንጉ ይሻላል፤ አናቱ አግድም ስለሆነ ብብት ወይም አገጭ ያሳርፋል። ለመራመድ ግን አይሆንም። ረጅም ነው፣ ከደረት በላይ የተያዘ እጅ ወደ ታች መጫን አይችልም፣ ይጎትታል እንጂ። ጫፉም እንጨት ነው። ቤተ ክርስቲያን እስኪገቡ በዘንግ፣ ከገቡ በኋላ መቋሚያ፣ ጀርባቸውም ግድግዳ ወይም ዓምድ አጠገብ። ቆመው ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆዩ፤ ወንበር ይኑር። መሬት ወድቆ መስገድ ለጊዜው የለም፤ ጎንበስ ማለት ይበቃል።

ጫማ ሲያወልቁ ቁመታቸው 2 ወይም 3 ሴንቲ ይቀንሳል፣ ዘንጉ ግን አይቀንስም፤ ያን ያህል አጥሮ ካልተቆለፈ ትከሻቸው ይነሣል። ነጠላቸው ወደ ፊት ተጣጥፎ ይታሰር፣ ጫፉ ከዘንጉ ጎማ ስር ሲገባ እርምጃው መሐል ላይ ይቆማል። ቤትም ውስጥ ለበዓል ቄጠማ ከጎዘጎዛችሁ እሳቸው የሚሄዱበትን መስመር ባዶ ተዉት፤ ሴራሚክ ላይ ያለ ቄጠማ ስር ጎማ ምንም አይጨብጥም። ነጠላ ጫማም በዘንግ አይሄድም፣ ከኋላ ተረከዝ የሚይዝ ይሁን።


የተራራ ዱላ

ኮብልስቶኑን ለኔ ተዉልኝ። ችግሩ ድንጋዩ ሳይሆን ክፍተቱ ነው። ቀጭን ጫፍ ክፍተቱ ውስጥ ይገባና ሰውየው ወደ ፊት ሲሄድ ዘንጉ እዚያው ይቀራል። ሲነቅሉት ነው ሚዛን የሚጠፋው። ታቹ ሰፊ የሆነ ጎማ ክፍተቱን ስለሚሻገር አይገባም፤ ክብ ጎማው እስኪመጣ ድረስ ኮብልስቶን ላይ አይውጡ የምለው ለዚህ ነው። ሲወጡም ጫፉ ድንጋዩ መሐል ላይ ይረፍ፣ ዓይናቸው ሁለት እርምጃ ከፊት፣ ቆጠራው ወደ አራት ይመለስ። ብዙ የተረገጠ ኮብልስቶን አናቱ ለስልሶ ስለሚያበራ ዝናብ ከነካው ጎማም አይዘውም፣ በዚያ ቀን ኮሪደሩ ይበቃል። ዳገት ካለ ዘንጉን 5 ሴንቲ አሳጥሩ፣ ቁልቁል ሲመለሱ ከሜዳው ልክ ከ5 እስከ 10 አስረዝሙ። አጭር ተዳፋት ከሆነ ግን አትንኩት፣ መንገድ ላይ ቆሞ መጠምዘዝ ራሱ ያደክማል።

ጎማውን በየሳምንቱ ገልብጣችሁ እዩ። ጥርሱ ከጠፋ ወይም በአንድ ጎን ከተበላ ይቀየር። በአንድ ጎን የሚበላው ዘንጉ ተጋድሞ ስለሚተከል ነው፣ ያኔ ጫፉን ከፊታቸው አርቀው እየተከሉ መሆኑን ለፊዚዮው ንገሪው። ሲረግጥ "ጭር" የሚል የብረት ድምፅ ካሰማ ሹሉ ጎማውን በስቶ ወጥቷል፣ በዚያው ሰዓት ይጣል።


የገርጂዋ

ገባኝ። መቼ ነው የምትተወው?


ፊዚዮ ከጉለሌ

ከቤት ውስጥ ነው የሚጀመረው። ከኋላ ሆነሽ መቀነታቸውን እዪ። ያለ ዘንግ 10 እርምጃ ሲሄዱ መቀነቱ አግድም ከቀረ፣ ግንዳቸውም ወደ ጎን ካልተወዛወዘ ኮሪደር ውስጥ ዘንግ አያስፈልግም። መቀነቱ ግራ በረገጡ ቁጥር በቀኝ በኩል ከወረደ የግራ ዳሌ ጡንቻ አልደረሰም። ለሱ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይዘው፣ ግንዳቸውን ሳያዘነብሉ ግራ እግራቸውን ወደ ጎን 20 ሴንቲ ያህል ያንሡ፣ 10 ጊዜ፣ ቀኝም 10፣ በቀን ሁለቴ። ለጉልበቱ ደግሞ ተኝተው ተረከዛቸው ስር የተጠቀለለ ፎጣ አድርገው የጉልበቱን ጀርባ ወደ አልጋው ይጫኑ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ ዘንጉ ማነከሱን ይደብቀዋል እንጂ አያስተካክለውም።

ቀጥሎ ደጅ ወደ አንድ ዘንግ። በየትኛው እጅ ለሚለው፣ ያኔ ጉልበቱ ድኖ የሚቀረው ዳሌው ስለሚሆን በቀኝ እጅ። ረጅም መንገድ ላይ ግን ዳሌው እስኪታከም ሁለቱን ቢይዙ አይከፋም።


የተራራ ዱላ

ከመሄዴ በፊት፦ ዘንጉ ላይ ያለው ቁጥር ይፋቃል፣ እናትሽም መነጽር አድርገው አያነቡትም። ልኩ ላይ ቆልፊና መስመሩን በኩቴክስ ዙሪያውን ቀቢው። ለሁለቱም ክፍል፣ ለሁለቱም ዘንግ። ቀይ በጫማ ለሚሄዱበት፣ ከሱ በየክፍሉ 1 ሴንቲ፣ በድምሩ 2 ሴንቲ አጠር ብሎ ነጭ ለባዶ እግር። ግራው አጥሮ የሚቀር ከሆነ እጀታው ላይ ክር እሰሪበት፣ ሲያነሱት በእጃቸው እንዲያውቁት። ኩቴክሱ ሌሊቱን ይደር፣ ሳይደርቅ ከተገፋ መቆለፊያው ውስጥ ይገባል።